በእንግሊዝ ቤት ሲገዙ ጠበቃ እንዴት ይመረጣል? ከፍለጋው እስከ ስም ዝውውር

እዚህ እንግሊዝ አገር ቤት ለመግዛት ከተነሡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚደናቀፉት ቤቱን በማግኘት ወይም ሞርጌጁን በማስፈቀድ ላይ አይደለም። ሻጩ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ በሚመጡት ወራት ነው። ጠበቃው ስልክ አያነሣም፤ ወይም «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቅና ፋይሉ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ በመጨረሻም ሻጩ ሰልችቶት ቤቱን ለሌላ ይሰጣል። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ጠበቃው በችኮላ፣ በደላላ ጥቆማ ወይም በዋጋ ርካሽነት ብቻ ስለተመረጠ ነው።

ይህ መመሪያ ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ ነው። የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ የቤት ሽያጭ ሕግ የተለየ ስለሆነ እዚያ የሚገዙ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል አይመሩ።

## በመጀመሪያ፦ የትኛው ባለሙያ?

የቤት ግዢን ሕጋዊ ሥራ በዋናነት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ባለሙያዎች ናቸው። አንደኛው ሶሊሲተር ሲሆን ተቆጣጣሪው የሶሊሲተሮች ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው በዋናነት በቤት ዝውውር ሥራ ላይ ፈቃድ ያለው ባለሙያ (ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር) ነው፤ እሱን የሚቆጣጠረው የራሱ ምክር ቤት ነው። ለተራ ግዢ ሁለቱም ይበቃሉ። ከግዢው ጋር የፍቺ፣ የውርስ ወይም የክርክር ጉዳይ ከተያያዘ ግን ሶሊሲተር ይያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የመኖሪያ ፈቃድዎን ያስጨረሰልዎት ጠበቃ ጎበዝና ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ የኢሚግሬሽን ሥራና የቤት ዝውውር ግን የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። በየሳምንቱ ቤት የሚያዛውር ሰው ካልሆነ፣ ስለሚያምኑት ብቻ ፋይሉን አይስጡት።

## ደረጃ 1፦ ጊዜውን ያስተካክሉ

ጠበቃ መፈለግ የሚጀምሩት ቤት ካገኙ በኋላ ሳይሆን ባንኩ «ይህን ያህል ልናበድርዎ እንችላለን» የሚለውን የመጀመሪያ ወረቀት በሰጠዎት ሳምንት ነው። ሻጩ ዋጋዎን በተቀበለበት ዕለት ደላላው «ጠበቃዎ ማን ነው?» ይላል። የሚሰጡት ስም ከሌለዎት የራሱን ያቀርብልዎታል፤ እርስዎም በደስታና በድካም መሐል ሆነው እሺ ይላሉ።

## ደረጃ 2፦ የራስዎን ፋይል ያደራጁ

ከሁሉም ደረጃዎች ረጅም ጊዜ መስጠት ያለብዎት ለዚህ ነው። ማንኛውም ጠበቃ የሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውርን በሚከለክለው ሕግ መሠረት ማንነትዎንና የገንዘብዎን ምንጭ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። ጥያቄው በዘርዎ ወይም በመልክዎ የመጣ ጥርጣሬ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ እዚሁ የተወለደውም ይጠየቃል። የእኛ ገንዘብ የሚሰበሰብበት መንገድ ግን ለእነሱ እንግዳ ስለሆነ ማስረጃችን የበለጠ ጥርት ያለ መሆን አለበት።

ሀ. ስም። ፓስፖርቱ ላይ እስከ አያት፣ ባንኩ ላይ እስከ አባት፣ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ደግሞ በሌላ የላቲን አጻጻፍ የተጻፈ ስም ለጠበቃው የሦስት ሰዎች ስም ሆኖ ይታየዋል። ሰነዶችዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ባንክና አሠሪ ዘንድ ሊታረም የሚችለውን አሁኑኑ ያሳርሙ። የማይታረም ካለ፣ ሁሉም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ በቃለ መሐላ የተፈረመ መግለጫ ይበቃ እንደሆነ ጠበቃውን ይጠይቁ። ባልና ሚስት የተለያየ የመጨረሻ ስም የሚይዙት የአባታቸውን ስም ስለሚጠሩበት መሆኑንም በጽሑፍ ያስረዱ።

ለ. ከደመወዝ የተቆጠበ ገንዘብ። ቢያንስ የ6 ወር የባንክ መግለጫ ያዘጋጁ፤ አንዳንድ ቢሮዎች የዓመት ይጠይቃሉ። ከተለመደው ገቢዎ ውጭ የገባ ማንኛውም ትልቅ ገንዘብ ካለ ከጎኑ ምንጩን ይጻፉ።

ሐ. ዕቁብ። ብዙ ግዢ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃው የሚያየው በአንድ ቀን ድንገት የገባ ብዙ ሺህ ፓውንድ ነው። ስለዚህ፦

- ዕቁብ ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ያስጽፉ፤ አባላት በየወሩ እኩል የሚያዋጡበት፣ ወለድ የሌለው፣ በዕጣ ተራ የሚደርስ የቁጠባ ማኅበር መሆኑ ይገለጽ።
- ከዕቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የተፈረመ ደብዳቤ ይያዙ፦ መቼ እንደጀመሩ፣ በወር ስንት እንደሚጥሉ፣ ዕጣው መቼ እንደደረሰዎት፣ ስንት እንደወሰዱ።
- የጣሉት ሁሉ በባንክ መግለጫዎ ላይ እንዲታይ ያድርጉ። እስካሁን በጥሬ ገንዘብ ይጥሉ ከነበረ ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ ማስተላለፍ ይጀምሩ፤ ዕጣውንም በባንክ ይቀበሉ።
- ዕጣው ቀድሞ ደርሶዎት ገና የሚጥሉት ወራት ከቀሩ ያ ዕዳ ነው። ለአበዳሪው ባንክ እንደ ወርኃዊ ግዴታ ያሳውቁ።

በጥሬ ገንዘብ የተቀበሉትን ዕጣ እየከፋፈሉ ወደ ባንክ አያስገቡ። መከፋፈሉ ራሱ ከሁሉ የከፋ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

መ. ከቤተሰብ የመጣ ገንዘብ። እህትዎ ከዋሽንግተን፣ ወንድምዎ ከዱባይ የላኩት ገንዘብ ስጦታ ከሆነ ሰጪው የማይመለስ መሆኑንና በቤቱ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንደማያነሣ ይፈርማል፤ የራሱን መታወቂያና የባንክ መግለጫም ያቀርባል። ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ብዙ ዘመድ ደስ ብሎት ገንዘብ ይልክና መግለጫ ሲጠየቅ ይከፋዋል። ገንዘቡ በእርግጥ ብድር ከሆነ ደግሞ «ስጦታ ነው» ብለው አይፈርሙ። ባንክን ማታለል ወንጀል ነው።

ሠ. ከኢትዮጵያ የመጣ ገንዘብ። ቤት ወይም መኪና ሸጠው ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀው የሽያጭ ውል፣ ገንዘቡ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ ከባንክ ወደ ባንክ የተላለፈበት ማስረጃ እና የሁሉም የተረጋገጠ ትርጉም ያስፈልጋል። ተርጓሚው የኢትዮጵያንም የፈረንጅንም ቀን እንዲጽፍ ያድርጉ፤ አለበለዚያ በ2014 ዓ.ም. የተፈረመ ውል እዚህ የ2014 ሆኖ ይነበባል፤ የገንዘቡ ታሪክም ሰባትና ስምንት ዓመት ይዛባል። ፈቃድ በሌለው ሐዋላ የመጣ ገንዘብ ግን ማስረጃ አይገኝለትም። ጠበቃው ከተጠራጠረ ለብሔራዊ የወንጀል ኤጀንሲ የማመልከት ግዴታ አለበት፤ ማመልከቱንም ለእርስዎ መናገር አይፈቀድለትም።

ረ. በሌላ አገር ያለዎት ቤት። አዲስ አበባ በስምዎ ያለ ኮንዶሚኒየምም ሆነ ከወላጅ የወረሱት ድርሻ፣ ሁሉንም ይናገሩ። በእንግሊዝ የስታምፕ ዱቲ (ቤት ሲገዛ ለመንግሥት የሚከፈል ግብር) ሕግ «የመጀመሪያ ቤት ገዢ» ተብሎ ቅናሽ የሚያገኘው በዓለም ላይ የትም ቦታ መኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። ሁለት ሆነው ሲገዙ አንዱ ቤት ኖሮት ከነበረ ቅናሹን ሁለቱም ያጣሉ። በውጭ አገር ያለው ቤት ዋጋው 40 ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በሚገዙት ቤት አጠቃላይ ዋጋ ላይ የ5 በመቶ ጭማሪ ሊመጣ ይችላል።

ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ባለው ተመን የ450 ሺህ ፓውንድ ቤት ግብር ይህን ይመስላል፦ የመጀመሪያ ቤት ገዢ 7,500፣ መደበኛ ገዢ 12,500፣ ጭማሪው የሚመለከተው ገዢ 35,000 ፓውንድ። ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብን የዓመታት ቁጠባ የሚበላ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመስጠትዎ በፊት ከሚያገኟቸው ጠበቆች ሁሉ ይህን ጥያቄ ይጠይቁ፤ «በውጭ አገር ንብረት ላይ የግብር ምክር አንሰጥም» ካሉዎት የግብር አማካሪ ያነጋግሩ። ዌልስ የራሷ ግብር ስላላት እነዚህ ቁጥሮች እዚያ አይሠሩም።

## ደረጃ 3፦ ሦስት ወይም አራት ስም ይያዙ

ባለፉት ሁለት ዓመታት ቤት የገዙ ሰዎችን ይጠይቁ፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በሥራ ቦታ። «ጥሩ ጠበቃ ታውቃለህ?» ብቻ ብለው አይለፉ። «ገንዘብህ ከምን ነበር? ስንት ወር ፈጀ? ስልክ ያነሣ ነበር? በመጨረሻ ስንት ከፈልክ?» ብለው ይጠይቁ። ከደመወዝ ቁጠባ ብቻ የገዛ ሰው ያመሰገነው ቢሮ የዕቁብ ገንዘብ ሲያይ ሊደናገር ይችላል።

ከዚያ እያንዳንዱን ስም ያጣሩ፦

1. በተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ላይ መመዝገቡን ያረጋግጡ። አድራሻውና ስልኩ ከያዙት ጋር ይመሳሰል፤ በእውነተኛ ቢሮ ስም የሚነግዱ አጭበርባሪዎች አሉ።
2. የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለቤት ዝውውር ሥራ የሚሰጠው የጥራት ዕውቅና እንዳለው ይመልከቱ።
3. በሚበደሩበት ባንክ የተፈቀዱ ጠበቆች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ባንኩን ወይም የሞርጌጅ አማካሪዎን ይጠይቁ። ከሌለ ባንኩ ሌላ ጠበቃ ይይዛል፤ ወጪውም መዘግየቱም ወደ እርስዎ ይመጣል።
4. ከወለድ ነጻ በሆነ የእስልምና ባንክ አሠራር የሚገዙ ከሆነ በዚያ ውል ከዚህ በፊት ሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ውሉ ከመደበኛው ሞርጌጅ የተለየ ነው።

### የአካባቢ ጠበቃ ይሻላል ወይስ በኢንተርኔት የሚሠራ?

ሁልጊዜ የአካባቢ ይሻላል ማለት አይቻልም። ከደመወዝ ብቻ ቆጥበው፣ መሬቱ ጭምር የራስዎ የሚሆንበትን ተራ ቤት የሚገዙ ከሆነ ሩቅ ያለ ጎበዝ ቢሮ ይበቃዎታል። ገንዘብዎ ከዕቁብ፣ ከዘመድና ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ከሆነ፣ አፓርታማ የሚገዙ ከሆነ ወይም በስልክ እንግሊዝኛ መነጋገር የሚከብድዎት ከሆነ ግን በአውቶቡስ የሚደርሱበት ቢሮ ይምረጡ። ዋናውን ሰነድ ይዘው ሄደው ፊት ለፊት ሲያስረዱት በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ በኢሜይል ሳምንታት ይፈጃል።

የአካባቢው ጠበቃ የካውንስሉ ምርመራ (ስለ ቤቱና ስለ አካባቢው ከመዝገብ የሚጠየቀው መረጃ) ምን ያህል እንደሚዘገይና የትኛው ሕንፃ አስተዳዳሪ ሰነድ እንደሚያጓትት ያውቃል። በዮርክሻየርና በኖቲንግሃምሻየር የድሮ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ በቼሻየር የጨው ማውጫ ከቤቱ ሥር ሊኖር ስለሚችል የተለየ ምርመራ ይታዘዛል፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ሳይነገረው ያዝዛል።

አማርኛ የሚችል ጠበቃ ካገኙ መልካም ነው፤ ችሎታውን ግን ከቋንቋው ያስቀድሙ። አስተርጓሚ ይቀጠራል። ልጅዎን፣ ደላላውን ወይም በግዢው ገንዘብ ያለበትን ዘመድ አስተርጓሚ አያድርጉ።

## ደረጃ 4፦ ስልክ ደውለው ይፈትኑ

በድረ ገጽ የዋጋ መጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ከመላክዎ በፊት ይደውሉ፤ ይህንንም ይጠይቁ፦

1. ፋይሌን በስሙ የሚይዘው ማን ነው? እሱ ዕረፍት ሲወጣ ማን ይተካዋል?
2. «ከቅድሚያ ክፍያዬ ይህን ያህሉ ከዕቁብ፣ ይህን ያህሉ እህቴ ከአሜሪካ የሰጠችኝ ነው። ትቀበላላችሁ? ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»
3. ሊዝሆልድ (መሬቱ የሌላ ሆኖ ለተወሰኑ ዓመታት የሚያዝ) አፓርታማ ትሠራላችሁ? ሕንፃው ከ11 ሜትር በላይ ቢሆንስ? ከ2017ቱ የግሬንፌል ቃጠሎ በኋላ በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ የሚጠየቀው የደኅንነት ሰነድ ስለበዛ አንዳንድ ቢሮዎች አይቀበሏቸውም።
4. ግዢው ቢፈርስ ምን እከፍላለሁ?
5. በሳምንት አንድ ጊዜ ወሬ ይደርሰኛል? በኢሜይል ወይስ በስልክ?

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። «እንዲህ ዓይነት ከዚህ በፊት ሠርተናል፤ እነዚህን ሰነዶች አምጡ» የሚል ቢሮ የእርስዎ ነው። «ችግር የለም፣ ኋላ እናየዋለን» የሚል ከሆነ ይለፉት። ችግሩ የሚወጣው ለምርመራና ለገማች ብዙ መቶ ፓውንድ ካወጡ በኋላ ነው።

## ደረጃ 5፦ ዋጋውን በጽሑፍ ያነጻጽሩ

ሶሊሲተሮች የቤት ዝውውር ዋጋቸውን በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ይገደዳሉ፤ በፊት ገጽ የሚታየው ቁጥር ግን የሙያ ክፍያው ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚያነጻጽሩት የመጨረሻውን ድምር ነው። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይምጣልዎት፦

- የሙያ ክፍያና በላዩ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ
- የካውንስል፣ የውኃና ፍሳሽ፣ የአካባቢ ምርመራዎች
- የመሬት መዝገብ ክፍያና የስታምፕ ዱቲ ቅጽ መሙያ
- የሊዝሆልድ ጭማሪ፣ የሞርጌጅ ጭማሪ፣ ለእያንዳንዱ የስጦታ ሰጪ ጭማሪ፣ ለእያንዳንዱ የባንክ ማስተላለፍ

ሦስት ዘመድ ስጦታ ከሰጠዎት በሰው ሲባዛ ርካሹ ቢሮ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ደላላው ጠበቃ ከጠቆመዎት ከጠበቃው ኮሚሽን ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁት፤ የመናገር ግዴታ አለበት። የእሱን ጠበቃ የመያዝ ግዴታ የለብዎትም። «የእኛን ጠበቃ ካልያዙ ዋጋዎን ለሻጩ አናቀርብም» ካለ ንግግሩን በኢሜይል እንዲደግመው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ካላበቃ አባል ለሆነበት የቅሬታ ሰሚ ተቋም ያመልክቱ። የሻጩ ጠበቃ ያለበትን ቢሮም አይያዙ።

## ደረጃ 6፦ ውክልና ይስጡ፣ የባንክ ቁጥሩን ይጠብቁ

ከጠበቃው ጋር የሚዋዋሉበት የሥራ ውል ደብዳቤ ሲደርስዎት ሳያነቡ አይፈርሙ፤ የፋይል ያዡ ስም፣ ዋጋውና ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድ መጻፋቸውን ይመልከቱ። በደረጃ 2 ያደራጁትን ፋይል በአንድ ጊዜ፣ ማውጫ ጨምረው ያስረክቡ። በየቀኑ አንድ አንድ ወረቀት መላክ ፋይሉን ደጋግሞ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመልሰዋል።

ማስጠንቀቂያ። ወንበዴዎች የኢሜይል መልእክት ጠልፈው «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» እያሉ የሰው ገንዘብ ይወስዳሉ። የጠበቃውን የባንክ ቁጥር በአካል ሄደው ይቀበሉ፤ ይህም ሌላ የአካባቢ ቢሮ ጥቅም ነው። ከመላክዎ በፊት በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ባለው ስልክ ደውለው ያረጋግጡ፤ በኢሜይሉ ላይ ባለው አይደውሉ። በመጀመሪያ 1 ፓውንድ ልከው መድረሱን ይጠይቁ። የቁጥር ለውጥ የሚነግር ማንኛውንም መልእክት እንደ ማጭበርበር ይቁጠሩት። ተሳስተው ከላኩ በዚያችው ደቂቃ ለባንክዎ ይደውሉ።

## ደረጃ 7፦ ፊርማው ከመለዋወጡ በፊት

ከውክልና እስከ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ይወስዳል። በዚህ መሐል ሥራ አይቀይሩ፣ መኪና በብድር አይግዙ።

ጠበቃው ስለ ቤቱ በጽሑፍ ሪፖርት ይሰጥዎታል። ያልገባዎትን ያስምሩና ቀጠሮ ይጠይቁ። አፓርታማ ከሆነ ሊዙ ስንት ዓመት እንደቀረው (ከ80 ዓመት በታች ከወረደ ማራዘሙ ይወደዳል)፣ የዓመት አገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሆነና የታቀደ ትልቅ ጥገና መኖሩን ይወቁ። ቤት ከሆነ የተጨመሩ ክፍሎች ፈቃድ እንዳላቸው ይጠይቁ።

ሁለት ሆናችሁ ስትገዙ ባለቤትነቱ በሁለት ዓይነት ይመዘገባል። በአንደኛው ዓይነት አንዱ ሲሞት ድርሻው በቀጥታ ለሌላው ያልፋል፤ ለባልና ሚስት የተለመደ ነው። በሌላው እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይይዛል፣ ይናዘዛልም። ወንድማማቾች ወይም ጓደኛሞች እኩል ባልሆነ ገንዘብ ስትገዙ ሁለተኛውን መርጣችሁ የየድርሻውን መጠን የሚገልጽ ሰነድ ያሠሩ። «እኛ መሐል ወረቀት አያስፈልግም» የሚለው ቃል ብዙ ወንድማማቾችን አቃቅሯል። ከእናንተ ጋር የሚኖሩ 17 ዓመት ያለፋቸው የቤተሰብ አባላት ከባንኩ የሚቀድም መብት እንደሌላቸው እንዲፈርሙ ስለሚጠየቁ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ውሉ እስኪለዋወጥ (ገዢና ሻጭ የፈረሙት ውል በጠበቆቻቸው በኩል ተለዋውጦ በሕግ እስኪጸና) ድረስ እርስዎም ሻጩም መተው ትችላላችሁ። ከተለዋወጠ በኋላ ግን ቢተዉ በአብዛኛው የዋጋው 10 በመቶ የሆነውን ቅድሚያ ክፍያ ያጣሉ። ስለዚህ የባንኩ የመጨረሻ የብድር ፈቃድ በእጅዎ ሳይገባ አይለዋወጡ፤ ለአሁኑ አከራይዎም የመልቀቂያ ማስታወቂያ አይስጡ። የቤቱ ኢንሹራንስ ከልውውጡ ቀን ይጀምር።

## አንዱ ደረጃ ሲበላሽ

ጠበቃው ዝም ካለ። የፋይል ቁጥሩን ጠቅሰው አጭር ኢሜይል ይጻፉ፦ «በማን በኩል ምን እየተጠበቀ ነው?» በሁለት የሥራ ቀን መልስ ከሌለ በሥራ ውሉ ላይ ለተጠቀሰው የቅሬታ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ። በ8 ሳምንት ካልተፈታ ወይም መልሱ ካላረካዎት ወደ ሕግ አገልግሎት እንባ ጠባቂ ይሂዱ፤ ከመጨረሻው መልስ በኋላ ያለዎት ጊዜ 6 ወር ነው። አቤቱታው ለእርስዎ ነጻ ነው።

የገንዘብ ምንጩን አልቀበልም ካለ። የጎደለው ሰነድ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሊሟላ የማይችል ከሆነ ያንን ገንዘብ ከግዢው ያውጡት፤ ቀሪው በሚበቃበት ዋጋ ይፈልጉ ወይም ግዢውን ያዘግዩ። ከሁሉ በላይ ደብዳቤ አያስፈብርኩ፤ ሐሰተኛ ሰነድ ቤቱን ብቻ ሳይሆን በስደት የገነቡትን ሕይወት ያፈርሳል።

ጠበቃ መቀየር ካስፈለገ። ይችላሉ። ለተሠራው ከፍለው ፋይሉ ይዛወራል፤ አዲሱ ቢሮ ማንነትዎንና ገንዘብዎን እንደገና ያጣራል፤ ስለዚህ የደረጃ 2ን ፋይል ቅጂ ሁልጊዜ ይያዙ። ከመቀየርዎ በፊት የብድር ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ።

## ቁልፉ ከተረከበ በኋላ

የስታምፕ ዱቲ ቅጹና ክፍያው በ14 ቀን ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ ከጠበቃው ይጠይቁ። የስም ዝውውሩ በመሬት መዝገብ ላይ እስኪያልቅ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሲያልቅ የሚላክልዎትን የመዝገብ ቅጂ ይክፈቱና ስምዎን ከፓስፖርትዎ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ የተሳሳተ ካለ በዚያው ሳምንት ጠበቃው እንዲያሳርም በጽሑፍ ይጠይቁ። በመዝገቡ ላይ እስከ ሦስት የመገናኛ አድራሻ ማስመዝገብ ይቻላል፤ አንዱን ኢሜይል ያድርጉት። ለረጅም ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የሚመላለሱ ከሆነ ደግሞ በቤቱ መዝገብ ላይ ሌላ ሰው ሲያመለክት መልእክት የሚልክልዎትን የመዝገብ ቤቱን ነጻ አገልግሎት ዛሬውኑ ይመዝገቡ።